ስለ አሮጌ ላፕቶፕ መለዋወጫ የሚባለውና እውነታው

ዱባይ ያለችው እህቴ ለበዓል ስትመጣ የላፕቶፕ ባትሪ እንድትገዛልኝ ለመንኳት። የጻፍኩላት «የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ባትሪ» ብቻ ነበር። ከማሸጊያው አውጥቼ ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው በቅርጽም በሶኬትም አልተገናኙም። የእኔ ጂ1 (የመጀመሪያው ትውልድ) ነው፤ የመጣው የጂ3 ነው። ባለሱቁ የተጠየቀውን ነው የሰጣት፤ ሳላጣራ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አገር አቋርጦ የመጣ ዕቃ ደግሞ ተመልሶ አይለወጥም። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ባየሁ ቁጥር እነዚህን ነገሮች ሳልነግረው አላልፍም።

«ሞዴሉ አንድ ከሆነ ዕቃውም አንድ ነው»

840 የቤተሰብ ስም ነው እንጂ የአንድ ማሽን ስም አይደለም። ጂ1 እና ጂ2 የሚጠቀሙት ሲኤም03ኤክስኤል የተባለውን ባትሪ ነው፤ ጂ3 እና ጂ4 ደግሞ ሲኤስ03ኤክስኤል። በመካከላቸው ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ እኔን ያስከፈለችኝም እሷው ናት። ራማቸውም (ጊዜያዊ ማስታወሻቸው) አይገጥምም፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዲዲአር3ኤል የተባለውን ዓይነት ሲጠቀሙ ጂ3 ዲዲአር4 ነው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ዴል ላቲቲዩድ ኢ5420፣ ኢ6420፣ ኢ6430 እና ኢ6530 ስማቸው ለየቅል ቢሆንም ቲ54ኤፍጄ የሚባል አንድ ባትሪ ይጋራሉ። ስሙን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ያለውን ዕቃ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ የተበላሸውን ዕቃ ፈተው ጀርባውን ያንብቡ። ኤችፒ ስድስት አኃዝ፣ ሰረዝና ሦስት አኃዝ ያለው የመለዋወጫ ቁጥር ይጽፋል። ሌኖቮ ኤፍአርዩ የሚል ቁጥር አለው። ዴል ከሆነ ከላፕቶፑ ሥር ያለውን ሰባት ፊደልና ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ማስገባት ነው፤ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ምን እንደነበረው ይዘረዝራል። ለሚገዛልዎ ዘመድ የቁጥሩን ፎቶ ይላኩ።

«15.6 ኢንች ስክሪን ሁሉ ይገጥማል»

ኢንቹ የሚናገረው ስለ ስፋቱ ብቻ ነው። ከጀርባ ያለው የኬብል ሶኬት በአሮጌዎቹ ብዙውን ጊዜ 40 ፒን፣ በኋላ በመጡት ደግሞ 30 ፒን ነው፤ ምስል የሚያስተላልፉበት መንገድም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይተካም። 40 ፒን ሆነውም የማይስማሙ አሉ። የብሎን መያዣ ጆሮዎቹ ከላይና ከታች ይሁኑ ወይስ ከግራና ቀኝ፣ ሶኬቱስ በየትኛው ጥግ ነው የሚለውም መታየት አለበት።

ደስ የሚለው ነገር፣ ስክሪኑን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ አይደለም። ከጀርባው ቢኦኢ፣ ኢኖሉክስ፣ ኤልጂ ወይም ኤዩ ኦፕትሮኒክስ የሚል ያገኛሉ። የስክሪኑ ቁጥር ከገጠመ ከሌላ ማርክ ላፕቶፕ የወጣም ይሠራል።

«አምፔሩ የበዛ ቻርጀር ያቃጥላል»

አያቃጥልም። መመሳሰል ያለበት ቮልቱ ነው፤ አምፔሩን ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል። 19.5 ቮልት 3.33 አምፔር ለሚጠይቅ ኤችፒ 4.62 የሚሰጥ ቢሰኩበት ምንም አይደለም፤ 2.31 የሚሰጥ ቢሰኩበት ነው ችግር የሚመጣው፤ ቻርጀሩ አቅም አንሶት ሊግል ይችላል። ዴል ላይ ደግሞ በሶኬቱ መሐል ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ማንነት ለማሽኑ ታሳውቃለች። እሷ ከተሰበረች ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ብዙ ሰው ይሄኔ ባትሪው የሞተ መስሎት ባትሪ ይገዛል።

«ዲዲአር3 ያው ዲዲአር3 ነው»

ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል የተባሉት ራሞች ሁለቱም 204 የመገናኛ ነጥብ አላቸው፣ ማስገቢያውም አንድ ነው። ዲዲአር3 ግን በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር3ኤል በ1.35 ይሠራል። የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ያላቸው፣ ከ2013 ጀምሮ የወጡ ላፕቶፖች የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው፤ ተራውን ከሰኩ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቀር ይችላል። ዲዲአር3ኤል በሁለቱም ቮልት ስለሚሠራ፣ ሲጠራጠሩ ፒሲ3ኤል የሚል (የዲዲአር3ኤል ምልክት ነው) የተጻፈበትን ይምረጡ።

«ያልተከፈተ ባትሪ አዲስ ነው»

ሊትየም ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ለ2012 ላፕቶፕ ያኔ የተሠራ «ኦሪጅናል» ከማግኘት፣ በቅርቡ የተሠራ የደህና አምራች ባትሪ እመርጣለሁ። የተሠራበትን ቀን ይጠይቁ። ቮልቱ 10.8 እና 11.1 ቢል አይደንግጡ፤ ሁለቱም ሦስት ሴል በተከታታይ ነው፣ ልዩነቱ የአጻጻፍ ነው። 14.8 ግን ሌላ ነገር ነው። ዘመድዎ በአውሮፕላን የሚያመጣ ከሆነ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይፈቀድ አስቀድመው ይንገሩት።

«አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ አይቀበልም»

ሳታ በሚባለው ሶኬት የሚሰካ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የነበረው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይቀበላል። 9.5 ሚሊሜትር ለሆነ ቦታ 7 ሚሊሜትሩ ትንሽ ይሰፋበታል፤ አብሮት የሚሸጠውን ቀጭን ፕላስቲክ መደገፊያ ማድረግ ነው።

«የሞተ ላፕቶፕ ቆሻሻ ነው»

ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ያው ሞዴል ካገኙ ማጠፊያው፣ ኪቦርዱ፣ ፋኑና የስክሪን ኬብሉ ለእርስዎ ነው። ብሎኖቹንም ጭምር ያስቀሩ፤ ግን ከየት እንደወጡ በወረቀት ላይ ሥለው በፕላስተር ይለጥፏቸው። አጭሩ በሚገባበት ቀዳዳ ረጅሙን ያሰረ ሰው ብሎኑ በስቶ በእጅ ማሳረፊያው በኩል ሲወጣ አይቻለሁ።