የዲጂታል ካሜራ ሚሞሪ አመራረጥ በጎጃም

ሚሞሪ ካርድ፣ በገበያ አጠራሩ «ሚሞሪ»፣ ዲጂታል ካሜራ ያነሳውን ፎቶና የቀረጸውን ቪዲዮ የሚያስቀምጥበት ተነቃይ ካርድ ነው። ፊልም ከገበያ ከወጣ ወዲህ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ ያሉ ፎቶ ቤቶችና ቪዲዮ ቀራጮች የሚሠሩት በእሱ ነው። አዲስ ካሜራ የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን በካሜራውና በሌንሱ ይጨርስና ለሚሞሪው የተረፈችውን ይመድባል። ይህ ለቤተሰብ ፎቶ ብዙም አይጎዳም። በሠርግ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ግን አደጋ አለው። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የተቀረጸው ቪዲዮ ወደ ላፕቶፕ እስኪገለበጥ ድረስ ያለው እዚያች ካርድ ላይ ብቻ ነው፤ ሙሽራዋም ለካሜራ ተብላ ዳግመኛ አትወጣም።

ሱቅ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለ ስንት ጊጋ?» ነው። ከእሱ በፊት ግን ገዢው ለራሱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ በካሜራው ምን ሊቀረጽ ታስቧል? የተቀረጸውስ ቢጠፋ ተመልሶ መቅረጽ ይቻላል ወይ? የጊጋው ቁጥር ከእነዚህ ሁለት መልሶች በኋላ ራሱ ይመጣል።

የካርድ ዓይነቶች

ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ኤስዲ ካርድ ነው። ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ሲሆን ቁመቱ 32፣ ወርዱ 24፣ ውፍረቱ 2.1 ሚሊ ሜትር ነው። ታናሹ ማይክሮ ኤስዲ 15 በ11 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለስልክና ለድሮን ተስማሚ ነው። ሱቆች ማይክሮውን ከአዳፕተር (በኤስዲ ማስገቢያ እንዲገባ ከሚያደርገው ማቀፊያ) ጋር አድርገው «ያው ነው፣ እንዲያውም ለስልክም ይሆንሃል» ብለው ይሸጣሉ። ይሠራል፣ እውነት ነው። ሆኖም በካሜራውና በካርዱ መካከል አንድ ተጨማሪ የብረት ንክኪ ያስገባል፤ አዳፕተሩ ሲላላም ካሜራው በቀረጻ መሐል «ካርድ የለም» ይላል። ለቤት ፎቶ እሺ፤ ለሠርግ አይመከርም።

ከኤስዲ የሚቀድመው ኮምፓክት ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ወፍራም ካርድ ነው፤ አሁን የሚገኘው በቀድሞ የባለሙያ ካሜራዎች ነው። ያገለገለ ካሜራ ለሚገዛ ሰው ግን ጉዳዩ ያለፈበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 አንድ የኮምፓክት ፍላሽና አንድ የኤስዲ ማስገቢያ አለው፤ የኤስዲው ማስገቢያ ግን ፈጣን ካርዶችን በፍጥነታቸው መጠን አይጠቀምባቸውም። ለዚያ ካሜራ ውድ ኤስዲ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ ፈጣኑ ካርድ በኮምፓክት ፍላሹ በኩል መግባት አለበት። አዳዲሶቹ ውድ ካሜራዎች ደግሞ ሲኤፍ ኤክስፕረስ የሚባል ካርድ ይወስዳሉ። እሱም ኤ እና ቢ የሚባሉ መጠኖች አሉት፤ ኤ በሶኒ፣ ቢ በካኖንና በኒኮን ይገኛል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

በካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ

የአንድ ኤስዲ ካርድ ፊት በምልክት የተሞላ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚያነበው ግን በትልቁ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ከኤስዲ ስም ቀጥሎ ያሉት ፊደላት የመጠን ደረጃ ናቸው። ተራው ኤስዲ እስከ 2 ጊጋ፣ ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋ፣ ኤስዲኤክስሲ ደግሞ እስከ 2 ቴራ ይደርሳል። አሮጌ ካሜራ ከሱ ዘመን በኋላ የወጣውን ደረጃ አያውቅም፤ ኤስዲኤክስሲ ከመምጣቱ (እ.ኤ.አ. 2009) በፊት የተሠራ ካሜራ ባለ 64 ጊጋ ሲገባበት ስህተት ብሎ ሊቆም ይችላል። ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ እስከ 32 ጊጋ ያሉ ካርዶች የሚጠቀሙበት የፋይል አደረጃጀት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ እንዲሆን አይፈቅድም። ስለዚህ አንዳንድ የቆዩ ካኖኖች በሙሉ ኤችዲ ሲቀርጹ 12 ደቂቃ ገደማ ላይ ራሳቸው ይቆማሉ፤ አዳዲሶቹ ሳይቆሙ ሌላ ፋይል ይጀምራሉ። ካሜራው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ቀራጭ ሽማግሌው እየመረቁ ሳለ ቀዩ መብራት እንደጠፋ ላያስተውል ይችላል።

ፍጥነትን የሚገልጹት ምልክቶች ሦስት ትውልድ ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ካርድ ላይ አብረው ይታተማሉ። በክብ ውስጥ ያለ ቁጥር (ለምሳሌ 10)፣ በዩ ፊደል ውስጥ ያለ 1 ወይም 3፣ እና ከቪ ፊደል ቀጥሎ የሚመጣ 6፣ 10፣ 30፣ 60 ወይም 90። ቪ 30 ማለት ካርዱ ቪዲዮ ሲቀረጽበት በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት በታች እንደማይወርድ የተሰጠ ዋስትና ነው። ዩ 3ም እንዲሁ 30 ሲሆን፣ ዩ 1 እና ክላስ 10 የሚሉት 10 ናቸው። በትልቁ የሚጻፈው 150 ወይም 170 ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ካርዱ ሲነበብ፣ ማለትም ወደ ላፕቶፕ ሲገለበጥ፣ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ለቀራጩ የሚያስፈልገው ደግሞ ሲጻፍበት የማይወርድበት ዝቅተኛው ነው። ሰፊ ካርድ ሁሉ ፈጣን አይደለም፤ ጎታው የቱንም ያህል ቢሰፋ አፉ ከጠበበ እህሉ የሚገባው በአፉ ልክ ነው።

በካሜራው ሜኑ ውስጥ የሚታየው የቪዲዮ ጥራት ደግሞ በሜጋቢት ይገለጻል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ቁጥሩን ለ8 ማካፈል ያስፈልጋል። 100 ሜጋቢት የሚል ፎርኬ (4K፣ ከሙሉ ኤችዲ የላቀ ጥራት ያለው) ቪዲዮ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ብቻ ይጽፋል፤ ቪ 30 ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። 400 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ 50 ሜጋባይት ይጠይቃል፤ እሱ ቪ 60 ይፈልጋል። ቪ 90 የሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ በመደበኛ የሠርግ ቪዲዮ ለቪ 90 የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ለሁለተኛ ባትሪ ቢውል ይሻላል።

በጀርባው ሁለት ረድፍ የመዳብ ንክኪ ያለው ካርድ ዩኤችኤስ 2 ይባላል፤ በንድፈ ሐሳብ በሰከንድ እስከ 312 ሜጋባይት ያሳልፋል። ባለ አንድ ረድፉ ዩኤችኤስ 1 በደንቡ መሠረት በ104 ይገደባል። ባለ ሁለት ረድፉ በባለ አንድ ረድፍ ካሜራም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በባለ አንድ ረድፉ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 3 ሁለት ማስገቢያ ያለው ሆኖ ሁለት ረድፍ የሚያነበው አንደኛው ብቻ ነው። ውዱን ካርድ ሁለተኛው ውስጥ ከቶ «ልዩነት የለውም» ማለት የተለመደ ነው።

ለየትኛው ሥራ የትኛው

በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የጎጃም ካሜራዎች ዋና ሥራ ሠርግ ነው። ቀረጻው ከማለዳ ይጀምራል፤ የሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመናፈሻ ፎቶ፣ ዳስ፣ እስክስታ። በሙሉ ኤችዲ 50 ሜጋቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በሰዓት 22.5 ጊጋ ገደማ ይወስዳል፤ ፎርኬው በ100 ሜጋቢት 45 ጊጋ። ስለዚህ ባለ 64 ጊጋ ካርድ በፎርኬ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ላለ ሥራ ብዙዎች ባለ 256 አንድ ካርድ ይገዛሉ። የተሻለው አራት ባለ 64 ወይም ሁለት ባለ 128 ነው። አንዱ ቢበላሽ የሚጠፋው የቀኑ ሩብ ወይም ግማሽ እንጂ ሠርጉ በሙሉ አይደለም። ካሜራው ሁለት ማስገቢያ ካለው ደግሞ ፎቶውን በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህን እያለው የማይጠቀም ባለሙያ መኖሩ ይገርማል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፍጹም ሌላ ካርድ ይጠይቃል። ፈረሱ በሜዳው ላይ ሲጋልብ ቁልፉን ተጭኖ በሰከንድ አሥር ፎቶ የሚያነሳ ሰው፣ እያንዳንዱ ያልተቀነባበረ ፎቶ (ሮው) 25 ሜጋባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 250 ሜጋባይት ያመርታል። ይህን ያህል የትኛውም ባለ አንድ ረድፍ ካርድ አይቀበልም። ካሜራው ትርፉን በውስጡ ባለ ጊዜያዊ ማቆያ ይይዝና ሲሞላበት ያዘግማል፤ ፈረሰኛው ከፊት ለፊት ሲደርስ ቁልፉ አልታዘዝ ይላል፤ ቀይዋ የካርድ መብራት ብቻ ትብለጨለጫለች። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ካሜራው የሚቀበል ከሆነ ባለ ሁለት ረድፍ ካርድ፣ ካልሆነ ደግሞ ከሮው ወደ ተጨመቀው ጄፔግ መቀየርና ቁልፉን አጠር አጠር አድርጎ መጫን። ሁለተኛው ገንዘብ አያስወጣም። ሜዳው በዚያ ወቅት አቧራ ስለሆነ ካርድ መቀየር በጃኬት ሥር ወይም መኪና ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ በንክኪው ላይ የምታርፍ አቧራ ካሜራው ካርዱን እንዳያውቀው ልታደርግ ትችላለች።

ዲማና ዋሸራን በመሳሰሉ የቅኔ ቦታዎች የሚደረግ ቀረጻ ደግሞ ረጅምና ጸጥ ያለ ነው። መምህሩ ቅኔ ሲዘርፉ አይቋረጡም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ስፋት ነው፤ 4 ጊጋ ላይ የማይቆም ካሜራም እንዲሁ። የብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ ለሚያነሳ ሰው ፍጥነቱ ከዚህም ያነሰ ቢሆን ግድ የለም፤ ገጽ ሲገለጥ ካርዱ ጽፎ ይጨርሳል። እዚህ ዋናው መታመን ነው፤ በሮው ባለ 64 ጊጋ ካርድ ከ2,000 በላይ ፎቶ ይይዛል፤ ከገዳም ወደ ከተማ እስኪደረስ መገልበጫ ላይኖር ይችላልና መለዋወጫ ካርድ ይዞ መሄድ ግድ ነው። የጢስ ዓባይ ጎብኚ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ማንኛውም ትክክለኛ ባለ 32 ይበቃዋል፤ የሚያሰጋው የፏፏቴው ርጭት ሲሆን፣ ያም ካርዱ በሚቀየርበት ቅጽበት ብቻ።

ፎርጅድ ካርድ

የታወቁ ስሞች፣ በተለይ ሳንዲስክና ሳምሰንግ፣ በሰፊው ይመሰላሉ። የማጭበርበሪያው አሠራር ቀላል ነው። ባለ 8 ጊጋ ቺፕ ተወስዶ የውስጥ መቆጣጠሪያው «እኔ 128 ነኝ» እንዲል ይደረጋል። ካሜራውም ላፕቶፑም ያምኑታል። የመጀመሪያው 8 ጊጋ በደህና ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በቀድሞው ላይ ይደረባል ወይም የትም ሳይጻፍ ይቀራል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚቀመጠው በካርዱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ስማቸው ሁሉ ይታያል፣ መጠናቸውም ትክክል ይመስላል፤ ሲከፈቱ ግን ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ ወይም የማይጫወት ቪዲዮ ይወጣል። ባለካርዱ ይህን የሚያውቀው እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው።

የማሸጊያው ሕትመት፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የፕላስቲኩ ጥራት ይታያሉ፤ ፎርጅዱም በየጊዜው እየተሻሻለ ስለሆነ ዓይን ብቻውን አይበቃም። አስተማማኙ መንገድ ካርዱን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ለዚህ ኤች2 ቴስት ደብልዩ የሚባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፤ በሊኑክስ ደግሞ ኤፍ 3። ባለ 64 ጊጋ ካርድ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ቢጻፍበት መሙላቱ ብቻ አንድ ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላልና የላፕቶፑን ባትሪ አስቀድሞ መሙላት ነው። ሻጩ «ፈትሸህ ካልሆነልህ መልስ» የሚል ከሆነ ጥቂት ብር ጨምሮም ቢሆን ከሱ መግዛት ያዋጣል። ባለ 64 ካርድ በላፕቶፕ 59 ጊጋ ከምናምን ብሎ ቢታይ ግን ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው።

አጠቃቀም

አዲስ ካርድ በላፕቶፕ ሳይሆን በሚሠራበት ካሜራ ውስጥ ፎርማት ይደረጋል። ከየሥራው በፊትም እንዲሁ፤ ይህ ግን ያለፈው ሥራ ቢያንስ ሁለት ቦታ መገልበጡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የካሜራን ካርድ ዘፈን በሚጭኑ ሱቆች ኮምፒውተር ላይ መሰካት ፋይልን ደብቆ አቋራጭ ብቻ የሚያሳይ ቫይረስ ይዞ ለመመለስ ጥሩ መንገድ ነው። ከካርዱ ጎን ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ስትላላ ካሜራው «ካርዱ ተቆልፏል» ማለት ይጀምራል፤ የመቆለፊያዋን ጎድጎዳ በቀጭን ፕላስተር መሸፈን ለጊዜው ከችግር ያወጣል፤ ፕላስተሩ ማስገቢያው ውስጥ ተልጦ እንዳይቀር ግን ካርዱ ቶሎ ቢቀየር ይሻላል።

በስህተት ፎርማት የተደረገ ካርድ ብዙ ጊዜ ይድናል። ፎርማት ዝርዝሩን እንጂ ሥዕሉን ወዲያው አያጠፋም፤ ፎቶ ሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያገኘውን ያወጣል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ በካርዱ ላይ ከዚያ በኋላ አንድም ፎቶ አለማንሳት። ደንበኞች «ሚሞሪውን ራሱን ስጡን፣ እናስቀምጠው» ሲሉ ይሰማል። ሚሞሪ የመዝገብ ማኖሪያ አይደለም፤ ለዓመታት ሳይነካ ከተቀመጠ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሙሌት እየደከመ ይሄዳል። ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ከተቻለ ሁለት ላይ፣ ቢያስቀምጡ ይሻላል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ቪዲዮን በኢንተርኔት መላክ የማይታሰብ ሆኖ ነበር። ኢንተርኔት ባለበትም ቢሆን መቶ ጊጋ የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለ ኤዲተር መላክ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ግልባጩን በሰው እጅ በአውቶቡስ መላክ ይቀላል። ሲላክ የሚሄደው ግልባጩ እንጂ ዋናው ካርድ መሆን የለበትም።

ካርዱን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው የካርድ ሪደርም ከሚሞሪው ጋር አብሮ መገዛት ያለበት ዕቃ ነው። በርካሹ ባለ ዩኤስቢ 2 ሪደር በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ያልፋል፤ ባለ 64 ጊጋ ካርድ ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ካርዱ ላይ 170 ተብሎ ቢጻፍም ለውጥ የለውም። ባለ ዩኤስቢ 3 ሪደርን ብዙ ጊዜ ከውስጡ ባለው ሰማያዊ ፕላስቲክ መለየት ይቻላል፤ ላፕቶፑም ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ካለው ያው ካርድ በአሥር ደቂቃ ገደማ ሊገለበጥ ይችላል።