ውጤታማ መሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ደሴ ውስጥ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ወጣቱ አካፋና ዶማ ይዞ መቃብር ሊቆፍር ይወጣል። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። ሁሉም ሥራውን ያውቃል። "ውጤታማ መሪ" ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

ግን ውጤቱን ምን ላይ ነው የምንለካው? ፈላስፎች የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው።

ፕላቶ የሚለካው በዕውቀት ነው። አገርን በመርከብ ይመስላታል። መርከበኞቹ "መሪውን እኔ ልያዝ" ብለው ይጣላሉ። ኮከቡንና ነፋሱን ያጠናውን ሰው ደግሞ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ከንቱ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የመኪናውም የሰውም መሪ አንድ ቃል ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ መሪውን የሚይዘው መንዳት የሚችለው ነው እንጂ ብዙ የጮኸው ተሳፋሪ አይደለም።

ተማሪው አርስቶትል ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። ግብዣውን ከወጥ ሠሪው ይልቅ የበላው ሰው በደንብ ይፈርደዋል ይላል። እዚሁ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አስቡ። ስሙ እንደሚለው ደሃ ሀብታም ሳይለይ ግብር የሚበላበት ቤት ነበር። ግብሩ ማጥገቡን የሚያውቀው አሳላፊው ሳይሆን ከታች የተቀመጠው ነው። የሾፌሩንም ችሎታ ቢሆን መንገደኛው ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ መንዳት ባይችልም።

ጣሊያናዊው የፖለቲካ አሳቢ ማኪያቬሊ ሌላ ዓለም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1512 ፍሎረንስ ውስጥ ከነበረበት የመንግሥት ሥራ ተባረረ። በዓመቱ ታስሮ ተሠቃየ። ዝነኛ ምክሩን የጻፈው በዚያው በ1513 ነው። ለእሱ ውጤት ማለት ሥልጣንንና መንግሥትን ማጽናት ነው። መሪ መወደድንም መፈራትንም አንድ ላይ ካላገኘ መፈራት ይሻለዋል ይላል። ፍቅር በሰዎቹ እጅ ነው፤ ፍርሃት ግን በመሪው እጅ። ብዙ ሰው ጥቅሱን እዚህ ላይ ያቆማል። እሱ ግን አላቆመም። ይፈራ እንጂ አይጠላ፣ በተለይ የሰው ንብረት አይንካ ብሏል። ይህን ማስጠንቀቂያ ዘለው የሚጠቅሱት ያሳዝኑኛል።

ቅሬም ቅጣት አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ሰውየውን ድንኳኑ ድረስ ያመጣዋል፤ ሐዘንተኛውን እንዲያጽናና ግን አያደርገውም።

በቻይናዊው ላኦ ትዙ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ መሪዎችን በደረጃ ያስቀምጣል። ከሁሉ በታች የሚናቀው ነው። ከእሱ በላይ የሚፈራው፣ ከዚያ በላይ የሚወደደው። ከሁሉም በላይ ግን መኖሩ ብቻ የሚታወቀው ነው። ሥራው ሲያልቅ ሕዝቡ "እኛው ራሳችን ሠራነው" ይላል።

ባለፈው ክረምት ዳኛችን ታመው ቤት ዋሉ። በዚያው ቀን ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፣ መቃብሩም በሰዓቱ ተቆፈረ። ማታ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ገና ከመቀመጣችን "ለሐዘንተኞቹ እራት ማን ወሰደ?" አሉን። ተወስዶ ነበር።