ግልጽ የኮምፒውተር ደህንነት ማስጠንቀቂያ ምንድን ነው?

«ቃላቱን አቅልሉት፣ ቀይ ቀለም ጨምሩበት፣ ያኔ ግልጽ ይሆናል» የሚለው ምክር ሰልችቷል። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ተጠቃሚ እንደሆነ አያነብም፤ ለሚደርስበት ጥፋት ራሱ ነው ተጠያቂው» ብሎ ነገሩን ቋጨው። ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ግልጽነትን የጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አድርገውታል።

ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው የሚባለው ያየው ሰው ቀድሞ በሚያውቀው ነገር ተነስቶ ትክክለኛውን መወሰን ሲችል ነው። «ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድም ከባድ ቃል የለበትም። ግን ምን ዓይነት ለውጥ? ፕሮግራም የሚጭን ሰው እኮ ለውጡን ፈልጎ ነው የመጣው። ደህናው ፕሮግራምም ተንኮለኛውም ያንኑ ጥያቄ ያስነሳሉ፤ ከተጠቃሚው የሚያገኙትም ያንኑ «አዎ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ በዚህ ጥያቄ ሰውን አማሮ ነበር። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ጥያቄው ተቀነሰ፣ መጠኑንም ከአራት ደረጃዎች መምረጥ ተቻለ።

ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሚጮህ ውሻ ባለበት ቤት፣ ውሻው ሲጮህ ከአልጋው የሚነሳ የለም። ለጎረቤትም፣ ለነፋስም፣ ለሌባም እኩል ከጮኸ ጩኸቱ የሚነግራቸው ነገር የለማ። ቀይ ቀለም መጨመር ውሻውን ጮክ ብሎ እንዲጮህ ማድረግ ነው፤ ለሁለት ሌሊት ያስነሳ ይሆናል። ደግሞም ውሻው ሌባን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያልለመደውን ሰው ብቻ ነው። ብሮውዘርም የድረ ገጽ ሰርተፊኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) ላይ ችግር ሲያይ ያገኘው ያልጠበቀውን ነገር እንጂ የግድ ሌባ አይደለም።

ለምሳሌ የሰርተፊኬቱ ቀን አልተስማማም እንበል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የድረ ገጹ ሳይሆን የራሱ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ሰዓት ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጤነኛው ሰርተፊኬት ሁሉ «ገና አልጀመረም» ይባላል። ጎግል ክሮም ይህን ሲደርስበት ስለ ሰርተፊኬት ማውራቱን ትቶ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል፣ ቀንና ሰዓት ማስተካከያውንም ያቀርባል። ምክንያቱ በስሙ ተጠራ፣ መፍትሔውም ተጠቃሚው እጅ ላይ ነው። (ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ሰርተፊኬቱ ራሱ ካለፈበት ግን ችግሩን የሚፈታው የድረ ገጹ ባለቤት እንጂ ጎብኚው አይደለም።)

«አያነብም» ለሚለው ወዳጃችን፦ በ2013 የታተመ የክሮምና የፋየርፎክስ ጥናት በሚሊዮን የሚቆጠሩ እውነተኛ ማስጠንቀቂያዎችን አይቶ ነበር። የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያን ረግጠው ያለፉት በክሮም 70 በመቶ ገደማ፣ በፋየርፎክስ 33 በመቶ ነበሩ። የቫይረስና የማጭበርበሪያ ገጽ ማስጠንቀቂያን ግን በሁለቱም ብሮውዘሮች ያለፈው ከአራት አንድ አይሞላም። ሰው በባሕርዩ የማያነብ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይህን ያህል ባልተራራቀ። ክሮም በኋላ «ወደ ደህናው ተመለስ» የሚለውን በተን አጉልቶ መቀጠያውን ሲደብቀው የሚመለሰው ሰው በዛ፤ ስለ አደጋው ያለው ግንዛቤ ግን ያን ያህል አልተሻሻለም። ትክክለኛውን በተን ማስጫን አንድ ነገር ነው፣ ማስረዳት ሌላ።

አንዳንዴ ደግሞ ጥያቄውን ጭራሽ ማስቀረት ነው የሚያዋጣው። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ሰነድ ማክሮ (ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም) ሲኖረው ቢጫ መስመር ብቅ ይልና ማክሮውን የሚያስነሳ በተን ከጎኑ ይቀርብ ነበር። አጥቂዎች ሰነዱ ውስጥ «ለማንበብ ከላይ ያለውን ይጫኑ» ብለው ይጽፉበታል፤ ማስጠንቀቂያው የእነሱ መመሪያ አካል ሆኖ ቁጭ አለ። ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት ለመጣ ፋይል መስመሩን ቀይ አደረገው፤ ቁም ነገሩ ግን ቀለሙ ሳይሆን የመፍቀጃው በተን መወገዱ ነው። የግድ የሚያስፈልገው ሰው ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ከፍቶ፣ ከታች «አንብሎክ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። በአንድ ጠቅታ የሚያልቅ ስላልሆነ አጥቂው ተጠቃሚውን እዚያ ድረስ መምራት ይከብደዋል። አንድ ክፍተት አለ፦ «ከኢንተርኔት የመጣ» የሚለው ምልክት ከፋይሉ ጋር የሚቆየው ዊንዶውስ በሚጠቀምበት የዲስክ አደረጃጀት፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ ላይ ነው። ፋይሉ ፋት32 በሚባለው የቆየ አደረጃጀት በተዘጋጀ ፍላሽ ከተዘዋወረ ምልክቱ ይጠፋና ቢጫው መስመር ከነበተኑ ይመለሳል።

የራሳችሁን ማስጠንቀቂያ ስትፈትኑ «ግልጽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። የምትፈትኑትን ሰው ሌላ ሥራ ስጡት፦ «ይህን ደረሰኝ ክፈትና ጠቅላላ ድምሩን ንገረኝ»። ማስጠንቀቂያው መሐል ላይ ሳይጠበቅ ይምጣ። የቱን በተን እንደተጫነና ስንት ሰከንድ እንደቆየ መዝግቡ፤ ከዚያ «ብትቀጥል ምን ይፈጠር ነበር?» በሉት። በአንድ ሰከንድ ከዘጋው አላነበበውም። ሙከራውን በእውነተኛ አደጋም በሐሰት ደወልም አድርጉት፤ ሁለቱንም እኩል እምቢ ካለ ያስፈራችሁት እንጂ ያስረዳችሁት የለም። የቢሮ ባልደረቦቻችሁን አትፈትኑ፣ መልሱን ያውቁታል። ከውጭ የመጣ ሰውም ቢሆን ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ስለሆነና ፈታኙ አጠገቡ ስለተቀመጠ ከቤቱ ይልቅ ደፋር ይሆናል። ስለዚህ የምታገኙት ቁጥር ሁለት ዲዛይኖችን ለማወዳደር ይበቃል፤ በገሃዱ ዓለም ስንት ሰው ረግጦ እንደሚያልፍ ግን አይነግራችሁም።