አንግኮር ፍርስራሽ አይደለም፦ ስለ ክሜር ቤተ መቅደሶችና ስለ ካምቦዲያ መነኮሳት የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

የአንግኮር ዋትን ፎቶ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። አምስት ማማ፣ ከፊት ኩሬ፣ ከኋላ የምትወጣ ፀሐይ። አንግኮር የካምቦዲያ ሕዝብ የሆኑት የክሜሮች የድሮ ዋና ከተማ ናት፤ አንግኮር ዋት ደግሞ እዚያ ያለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ነው። ከፎቶው ሥር የሚጻፈውም ያው ነው፦ «ጫካ ውስጥ ጠፍቶ የተገኘ ከተማ»፣ «ማን እንደሠራው የማይታወቅ»፣ «ፍርስራሽ»። ከሁሉም የምትከነክነኝ የመጨረሻዋ ናት። ሰው ዛሬም እጣን የሚያጨስበትን ቦታ እንደ ሙዚየም ቆጥሮ የገባ ተጓዥ ግማሹን ሳያይ ይወጣል፤ አንዳንዴም ሳያውቀው ሰው ያስቀይማል። እስቲ በየተራ እንያቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ ፈረንሳዊ ጫካ ውስጥ አገኘው»

ሰውየው አንሪ ሙኦ ይባላል። በ1860 አንግኮር ደረሰ፤ በዓመቱ ላኦስ ውስጥ ታሞ ሞተ። ማስታወሻውና ሥዕሎቹ ከሞቱ በኋላ ሲታተሙ አውሮፓ ጉድ አለ፤ «አገኘው» የሚለው ወሬም ከዚያ ወዲህ ተጣበቀ። ግን ሙኦ ሲደርስ መነኮሳት እዚያው ግቢ ውስጥ እየኖሩ ነበር። ታዲያ ምኑ ነው የጠፋው?

ከሱ በፊት የመጣውም ሰው ቀላል አይደለም። ዡ ዳጓን የተባለ የቻይና መልእክተኛ ከ1296 እስከ 1297 ከተማዋ ውስጥ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጽፏል፤ ገበያውን የያዙት ሴቶች መሆናቸውን እንኳን አልዘለለም። ፖርቱጋላዊው መነኩሴ አንቶኒዮ ዳ ማዳሌና በ1586 ጎብኝቶታል። በ1632 አንድ ጃፓናዊ ተሳላሚ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ መጥቶ አንዱ ዓምድ ላይ በቀለም ጽፎ ሄዷል። ክሜሮቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ቦታውን አልረሱትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ንጉሣቸው ሳይጠናቀቁ የቀሩ የግድግዳ ቅርጾችን አስጨርሷል።

ጫካ የዋጠው ቤተ መቅደስ የለም ማለቴ አይደለም። ዋና ከተማው ወደ ደቡብ ከሄደ በኋላ ብዙዎቹ ዛፍ በቅሎባቸዋል። አንግኮር ዋት ግን ዙሪያውን 190 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውሃ ስለከበበው ጫካው እንደ ሌሎቹ አልገባበትም፤ ሰውም አልለቀቀውም። ከተማዋ ለምን ተዳከመች ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ1431ዱ የአዩታያ (የዛሬዋ ታይላንድ መንግሥት) ወረራ ብቻ ነው። የዛፍ ቀለበት ጥናቶች ግን ሌላም ነገር አሳይተዋል። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ረጃጅም ድርቆች ነበሩ፤ በመሃል ደግሞ ከባድ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ከተማዋን ይመግቡ የነበሩት ቦዮችና ግድቦች ይህን አልቻሉትም።

የዛፍ ሥር የወረሰው ታ ፕሮም የተባለው ቤተ መቅደስም ቢሆን «ተረስቶ የቀረ» አይደለም። የፈረንሳይ ባለሙያዎች ሌሎቹን ሲጠግኑ ይሄኛው ዛፉ እንዳለ እንዲቆይ ሆን ብለው ወሰኑ። ዛሬም ዛፎቹን ደግፎ፣ ድንጋዩን አስሮ ለማቆየት ብዙ ሥራ ይሠራል። ያ «ዱር» በደንብ የሚጠበቅ ዱር ነው።

«ማን እንደሠራው አይታወቅም»

ኧረ በደንብ ይታወቃል! አንግኮር ዋትን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ ነው። የራሱም ምስል እዚያው ግድግዳ ላይ አለ፤ ጥላ ተይዞለት፣ ባለሟሎቹን ሰብስቦ ተቀምጧል። ባዮን፣ ታ ፕሮምና ፕሪያ ካን የተባሉትን ቤተ መቅደሶች ያሠራው ከ1181 ጀምሮ የነገሠው ጃያቫርማን 7ኛ ነው። ታ ፕሮምን በ1186 ለእናቱ፣ ፕሪያ ካንን በ1191 ለአባቱ መታሰቢያ አቆመ። በነገራችን ላይ እኛ ጋ ንጉሥ ላሊበላ የነገሠውም በዚያው ዘመን ነው። «ይህንንማ ሌላ ፍጡር ነው የሠራው» የሚለውን ወሬ ከዚህም ከዚያም ስለምሰማው ትዕግሥቴ አልቋል።

ክሜሮች ድንጋይ ላይ መጻፍ ይወዱ ነበር። የታ ፕሮም ጽሑፍ የሠራተኛ መዝገብ ሊባል ምንም አይቀረው፦ 18 ታላላቅ ካህናት፣ 2,740 ባለሥልጣናት፣ 2,202 ረዳቶች፣ 615 ጨፋሪዎች፣ ቤተ መቅደሱን እንዲያገለግሉ ደግሞ በጠቅላላ 79,365 ሰው። ድንጋዩ የመጣው ከኩለን ተራራ ግርጌ ነው፤ በቦይ በውሃ እየተጫነ። ግድግዳው ላይ የምታዩዋቸው በየድንጋዩ የተቦረቦሩ ክብ ቀዳዳዎችም የጥይት አይደሉም። አብዛኞቹ ድንጋዩን ለማንሳትና ለማስተካከል የተበሱ ናቸው።

ሁሉም የንጉሥ ሥራ ነው ብላችሁም አትቸኩሉ። በ967 ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ የተሰጠውን ባንቴይ ስሬይ የተባለ ቤተ መቅደስ ያሠራው ያጅናቫራሃ የተባለ የቤተ መንግሥት መምህር ነው። ቁመቱ ትንሽ ነው፤ ቅርጹ ግን እንጨት ላይ እንጂ ድንጋይ ላይ የተሠራ አይመስልም። በኔ ምርጫ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፤ ከዋናዎቹ ቤተ መቅደሶች ራቅ ስለሚል ብዙ ሰው ይዘለዋል።

«አንግኮር ዋት የሂንዱ ነው» ወይም «የቡድሂስት ነው»

በዚህ ሰው ሲከራከር ታያላችሁ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሲሠራ ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ ነበር። ከዚያ ጃያቫርማን 7ኛ መጣና ማሃያና የሚባለውን የቡድሂዝም መንገድ አነገሠ። ከሱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ብዙ የቡድሃ ምስሎች በመሮ ተፋቁ፤ ፕሪያ ካን ውስጥ የተፋቀው ቦታ አሁንም ይታያል። ከዚያ ደግሞ ቴራቫዳ የሚባለው፣ ዛሬ አብዛኛው የአገሩ ሰው የሚከተለው ቡድሂዝም ገባና ጸና። ሕንጻው አልተለወጠም፤ ሰዎቹ ናቸው ጸሎታቸውን የለወጡት። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልለወጡትም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። በምዕራቡ ዋና መግቢያ ስትገቡ በስተቀኝ፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ስምንት እጅ ያለው ትልቅ የድንጋይ ምስል ቆሟል። ቪሽኑ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ታ ሬች ይለዋል፤ የቦታው ጠባቂ መንፈስ፣ አያት ነው። ትከሻው ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጠምጥሞለታል። እግሩ ሥር የሎተስ እንቡጥ፣ ፍራፍሬ፣ አመድ የሞላ የእጣን ማሰሮ አለ። ሊጋቡ የደረሱ ወጣቶች ከፀጉራቸው ቆርጠው የሚያስቀምጡበትም ጊዜ አለ። አንዲት እናት ጫማዋን አውልቃ፣ ሦስት ዘንግ እጣን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ለልጇ ፈተና ስትለምን ቱሪስቱ ከኋላዋ ወደ ኩሬው ፎቶ ይሮጣል። የሂንዱ አምላክ፣ የቡድሂስት ምእመን፣ ከሁለቱም የቀደመ የአያት መንፈስ፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። እዚያ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ብታዩ ክርክሩ ራሱ ያስቃችኋል።

«ቡድሂዝም ፍልስፍና ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም»

ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ ካምቦዲያ ውስጥ አይሠራም። ለመንደር ሰው ዋናው ነገር በጎ ሥራ መሥራት፣ የሞቱ ዘመዶችን አለመርሳትና መናፍስትን አለማስቆጣት ነው። የ1993ቱ ሕገ መንግሥትም ቡድሂዝምን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎታል።

ፕቹም ቤን የሚባለውን በዓል ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ወደ መስከረም ገደማ ይውላል፤ 15 ቀን ይቆያል። የሞቱ ዘመዶች፣ በተለይ ክፉ ሠርተው የሚራቡት፣ በነዚህ ቀናት ተለቀው ቤተሰባቸውን ይፈልጋሉ ይባላል። ብርሃን ስለማይችሉ ሰው ሌሊት ይነሳል። ሊነጋጋ ሲል ፓጎዳው (የመነኮሳቱ ገዳም) ግቢ ውስጥ የሚያጣብቅ ሩዝ በሰሊጥ ተድቦልቡሎ በትሪ ተይዞ፣ ሻማ እየበራ፣ ቤተ መቅደሱን እየዞሩ እፍኝ እፍኙን መሬት ላይ ይጥሉታል። ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው እየተጎተቱ ነው። ከዚያ የሟቾች ስም ተጽፎ ለመነኮሳት ይሰጣል፣ ይነበባል፣ ምግብ ይቀርባል። ሟች ዘመዱ ዘመድ ፈልጎ ከፓጎዳ ፓጎዳ ይዞራል ስለሚባል ሰባት ፓጎዳ የሚያዳርስም አለ። ተዝካር አውጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«መነኩሴ የሆነ ዕድሜ ልኩን ነው፣ ሥጋም አይበላም»

ሁለቱም ስህተት። ብዙ ወንዶች ለጥቂት ሳምንት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት መንኩሰው ይመለሳሉ። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለወላጆቹ በጎ ሥራ እንዲሆን። ልብሱን አውልቆ ማግባት ውርደት አይደለም። ስለዚህ የሚነዳችሁ የባጃጅ ሹፌር (እነሱ ቱክቱክ ይሉታል) ድሮ መነኩሴ ቢሆን አትደነቁ፤ ጠይቁት፣ ከመመሪያ መጽሐፍ የተሻለ ያስረዳችኋል።

ምግብን በተመለከተ የቴራቫዳ መነኩሴ የተሰጠውን ይበላል፤ ለእሱ ተብሎ መታረዱን ካላየ፣ ካልሰማና ካልጠረጠረ ሥጋም ቢሆን። የማይበላው ከቀትር በኋላ ነው። ሴት መነኩሴን አትነካም፤ እጅ በእጅም አትሰጠውም። ይህ እናንተን መናቅ አይደለም፣ የሱ ሥርዓት ነው። ነጭ ለብሰው ፀጉራቸውን የተላጩ ሴቶች ካያችሁ ዶን ቺ ይባላሉ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

ጠዋት ጠዋት መነኮሳቱ ባዶ እግራቸውን፣ የምግብ ዕቃቸውን አንግተው በየቤቱ ደጅ ሲቆሙ ደግሞ ልመና አይደለም። ሰጪው ነው ጫማውን አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ የሚሰጠው፤ ዕድሉን ያገኘው እሱ ነውና። መነኩሴው አመሰግናለሁ አይልም፣ ይመርቃል። ቤተ መቅደስ በር ላይ ክር እጃችሁ ላይ አስሮ «20 ዶላር» የሚል ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልብሱ ብርቱካናማ ስለሆነ ብቻ አትመኑ።

«ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ ከጥንት የመጣ ነው»

አልነበረም። ብዙ ተጓዥ የሚስተው ይህንን ነው። ከ1975 እስከ 1979 ክሜር ሩዥ የተባለው የኮሚኒስት ቡድን ሲገዛ መነኮሳት ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ተገደዱ፣ ብዙዎቹ ተገደሉ። ፓጎዳዎች መጋዘንና እስር ቤት ሆኑ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በመስከረም 1979 በዋና ከተማው ፕኖም ፔን ውስጥ ዋት ኡናሎም ላይ ሰባት ሰዎች እንደ አዲስ መነኮሱ፤ ይፋዊው ምንኩስና ከዚያ ነው የተጀመረው። በ1992 ደግሞ ማሃ ጎሳናንዳ የተባሉት መነኩሴ ከታይላንድ ድንበር እስከ ዋና ከተማው በእግር የሰላም ጉዞ መሩ፤ ፈንጂ በተቀበረበት አገር፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ከስደት የሚመለሱ ሰዎችን አስከትለው።

ስለዚህ ዛሬ ሽማግሌ መነኩሴ ስታዩ ወይ ከዚያ ተርፏል፣ ወይ ከዚያ በኋላ ከባዶ የጀመረ ነው። ለአንግኮር ቅርብ በሆነችው ሲየም ሪፕ ከተማ፣ ዋት ትሜይ በተባለው ፓጎዳ ግቢ ውስጥ በመስታወት የተዘጋ ሐውልት አለ፤ ውስጡ የሰው አጥንት ነው። አጠገቡ ወጣት መነኮሳት ልብስ ያሰጣሉ።

«አንድ ቀን ይበቃል፣ ለፀሐይ መውጫዋ ብቻ»

አንግኮር ፓርክ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከ2017 ጀምሮ ቲኬቱ ለአንድ ቀን 37 ዶላር፣ ለሦስት ቀን 62፣ ለሰባት ቀን 72 ነው። የሦስቱን ቀን በ10 ቀን ውስጥ ከፋፍሎ መጠቀም ይቻላል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ቲኬት ላይ ፎቷችሁ ስለሚታተም ከሰው መግዛት ዋጋ የለውም።

ፀሐይ መውጫው ያምራል፤ አልክድም። ግን አንግኮር ዋት ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ከኋላው ስለሆነች ፊቱ ጥቁር ይሆናል። ድንጋዩ የሚያበራው ከሰዓት ነው። ሕዝቡ ከኩሬው ሳይበታተን እናንተ ታ ፕሮም እንደተከፈተ ብትገቡ ይሻላል።

ልብስ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ወይም ስካርፍ ጣል አድርጌ አልፋለሁ ካላችሁ የአንግኮር ዋት ላይኛው ደረጃ ላይ ይመልሷችኋል። ያ ደረጃ በቡድሂስት የተቀደሱ ቀናት ይዘጋል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አይወጡም።

ክረምቱን መፍራትም አያስፈልግም። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሰዓት ነው። ኩሬው ይሞላል፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ሰው ይቀንሳል። የሚያስጨንቀው ሚያዝያ ነው፤ ሙቀቱ ያቀልጣል።

«የክሜር ቤተ መቅደስ ማለት አንግኮር ማለት ነው»

የክሜር ነገሥታት ግዛት ከዛሬዋ ካምቦዲያ በጣም ይሰፋ ነበር። ታይላንድ ውስጥ ፋኖም ሩንግና ፊማይ አሉ፤ ላኦስ ውስጥ ዋት ፉ አለ። ካምቦዲያ ውስጥም ኮ ኬርና ሳምቦር ፕሬይ ኩክ የዓለም ቅርስ ናቸው። ገደል አፋፍ ላይ ያለው ፕሪያ ቪሂር ደግሞ ካምቦዲያና ታይላንድ የሚጣሉበት ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962 ለካምቦዲያ ፈርዷል፤ ግጭቱ ግን አልበረደም፤ በ2025 ድንበሩ ላይ በመድፍ ጭምር ተዋግተዋል። ወደዚያ ወይም በየብስ ከታይላንድ ለመሻገር ካሰባችሁ በዚያ ሳምንት ያለውን ዜና አይታችሁ ነው መኪና የምትከራዩት።