ሐዋሳ ላይ ሕግ መማር

ቤቱ የሕግ ተማሪ ያለበት ሰው ይህን ያውቃል። ልጁ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ ጎረቤቱ ሁሉ «ጠበቃው» ይለዋል። ለእረፍት ሲመጣ ደግሞ አጎት የድንበር ክርክር ወረቀቱን ይዞ ከች ይላል። ልጁ እስከዚያ የተማረው «ሕግ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ፈላስፎች የሰጡትን መልስ ነው። ስለ አጎቱ ድንበር ፈላስፎቹ ምንም አላሉም።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ጥንካሬው ምኑ ላይ ነው ብትሉኝ፣ እዚችው ጋ ነው እላለሁ። ክርክሩ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ ውስጥ መሬት ይሸጣል፣ ፋብሪካ ሠራተኛ ይቀጥራል ያሰናብታል፣ ሽማግሌ ዛፍ ስር ያስታርቃል፣ ፍርድ ቤቱም በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተነሳው ከእርሻ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. አንድ ላይ ሆነው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በኋላ ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ «ሐዋሳ» የሚለው ስም ጸና። ሕግ የገባው በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ነው፤ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚያስተምረው ከአዲስ አበባው ጋር ሲተያይ ታናሽ ወንድም ነው። ዛሬ ዋናው ግቢ ውስጥ በሕግና ገቨርናንስ ኮሌጅ ስር ነው ያለው።

የመጀመሪያ ዲግሪው አምስት ዓመት ይፈጃል። አዎ፣ አምስት። ድሮ አራት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ አንድ ዓመት ተጨመረ። ውል፣ ቤተሰብ፣ ወንጀል፣ ንብረት፣ ሕገ መንግሥት፣ ንግድ፣ ሠራተኛና አሠሪ፣ ሥነ ሥርዓት እያለ ይቀጥላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጽ አለው። ሁሉን ሸምድዶ የጨረሰ ቀለሜ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ግን ማታ ላይብረሪ ብትገቡ እየሞከረ ያለ ሰው አታጡም። አንቀጽ 1678ን ግን ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት የማይነግራችሁ የሕግ ተማሪ የለም፤ ውል ውል የሚሆነው ምን ምን ሲሟላ እንደሆነ የሚለው ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ለብቻው ወሬ ይወጣዋል። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነው፣ ያረቀቀውም በፈረንሳይኛ። ከዚያ ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ ተመለሰ። ተማሪው ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ፈተናውንም በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ሁለቱ ቅጂዎች ሲጋጩ የሚጸናው ግን አማርኛው ነው። በዚያ ላይ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋም ሲዳምኛ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚማር ልጅ በአንዱ ቋንቋ አንብቦ በሌላው ማመልከቻ ጽፎ ባለጉዳዩን በሦስተኛው ለማናገር መልመድ አለበት። ከባድ ነው። ግን ይህን የለመደ ጠበቃ ሥራ ሲፈልግ ብዙ አይንከራተትም።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ፣ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፉ። ትምህርት ቤቱ ለጠበቃ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ምክር ይሰጣል፣ ክስና መልስ ይጽፋል፣ ሲያስፈልግም ችሎት ይቆማል። ተማሪዎቹ መምህራኑ እያዩአቸው እዚያ ይሠራሉ። አንድ ጠዋት ከነዚህ ቢሮዎች በአንዱ ደጅ ተቀምጬ ነበር። አንድ አባት ከኮታቸው ውስጥ ፌስታል አወጡ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። ከዚያ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ የቤት ሽያጭ ውል ወጣ። ሦስት ምስክር አለበት፣ አንዱ በአውራ ጣቱ የፈረመ። ተማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ «አባቴ፣ ይሄ ውል ውልና ማስረጃ ገብቷል?» አለች።

«እኛ የምንተማመን ሰዎች ነበርን፣ ልጄ» አሉ።

እሷ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች ሕግ የተማረ ይገባዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት መደረግ አለበት ይላል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ውሳኔ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው፤ እንዲህ ያልተደረገ ውል አይጸናም አለ። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች «ሻጩ ውሉን ካልካደስ?» የሚለውን አንስተዋል። ስለዚህ የልጅቷ ቀጣይ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ «ሰውዬው ሸጫለሁ ይላል ወይስ አልሸጥኩም ይላል?» ይህን ጥያቄ ከሀንድአውት ልታነበው ትችል ነበር፤ ፌስታሉ እንዴት እንደሚፈታ ካየች በኋላ ግን የምትረሳው አይመስለኝም።

ሌላው የሚመጣው ጉዳይ የሥራ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከዙሪያው ገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ፋብሪካ ገብተዋል። የትርፍ ሰዓት፣ ከሥራ መሰናበት፣ የወሊድ ፈቃድ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል። ይህን የማታውቅ ሠራተኛ ብዙ ናት።

ሽማግሌውም አለ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ፣ ማለትም የሽማግሌ ሸንጎ፣ ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፤ «አፊኒ» ይባባላሉ፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ ነገሩ አይቆረጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በባህል ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷል። አንዱ ወገን፣ በተለይ ሴቷ፣ በእርግጥ ፈቅዳለች ወይስ አፍራ ነው ዝም ያለችው? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገረው ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከዚህ ሌላ ያው በሁሉም የሕግ ትምህርት ቤት ያለው አለ። ሙት ኮርት ተማሪው ሱፍ ተውሶ የሚከራከርበት የልምምድ ችሎት ነው፤ አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» ሲሉ የሚሠሩትን የሚያስታውስ ነገር አለው። ኤክስተርንሺፕ ደግሞ ፍርድ ቤት ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወጥቶ መዝገብ ማገላበጥ ነው። የራሱ የሕግ መጽሔትም አለው። መጨረሻ ላይ ኤግዚት፣ ማለትም የመውጫ ፈተና፣ ይመጣል። ሌላው ተማሪ በ2015 ዓ.ም. ኤግዚት መጣብን ብሎ ሲጨነቅ የሕግ ተማሪዎች ሳቁ፤ እነሱ ከአሥር ዓመት በላይ ሲፈተኑት ነበር።

አንድ ምክር ለአዲስ ገቢ፦ ከሲኒየር የወረሳችሁትን ሀንድአውት ቀኑን እዩ። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ 1243 ተቀይሯል፣ በአሮጌው ያጠና ሰው ጉድ ይሆናል። ከተመረቁ በኋላ ዳኝነት፣ ዐቃቤ ሕግነት፣ የባንክ ነገረ ፈጅነት አለ፤ ጥብቅና የራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጅ 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙም ፈቅዷል።

የሕግ ድጋፉን ለሚፈልግ ደግሞ፦ በጠዋት ሂዱ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማትችሉ ከሆነ በደሃ ደንብ ክስ መክፈት ስለሚቻል አቅም እንደሌላችሁ የሚገልጽ ወረቀት ከቀበሌ ያዙ። ዋናውን ውል ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ አድርጉ።