ታውንላንድ ምንድን ነው?

በ19ኛው መቶ ዘመን ከአየርላንድ ተሰዶ አሜሪካ የገባ ሰው የተወለደበት ቦታ በወረቀት ላይ ሲፈለግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ቃል ነው። «አየርላንድ»። የሕዝብ ቆጠራው ላይ አየርላንድ። የሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ አየርላንድ። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ያው አየርላንድ። ለጸሐፊው ያ በቂው ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የአያቷን አያት መንደር ለማየት ለተነሳች ሴት ግን ይህ ቃል ጠብ የሚል ነገር የለውም። የሚያስፈልጋት የታውንላንዱ ስም ነው።

«ታውን» የሚለው ድምፅ እንዳያሳስታችሁ። ታውንላንድ ከተማ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሱቅም ቤተ ክርስቲያንም የለውም። ድንበሩ የታወቀ፣ የራሱ ስም ያለው ቁራሽ መሬት ነው። በእኛ አነጋገር ከጎጥ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ፣ ጎጥ ስንል ሰዉና ቤቶቹ ናቸው የሚመጡልን። ታውንላንድ ግን መሬቱ ራሱ ነው። ነዋሪው በሙሉ ጥሎት ቢሄድ እንኳ ስሙና ድንበሩ ካርታ ላይ ይቀራል።

በአየርላንድ ደሴት ላይ ከ60,000 በላይ ታውንላንዶች አሉ። በአማካይ የአንዱ ስፋት ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አንዳንዱ ከአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) ያንሳል፣ ተራራ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ሺህ ኤከር ይሆናል። ታውንላንዶች ተሰብስበው ሲቪል ፓሪሽ የሚባለውን የመንግሥት አስተዳደር አጥቢያ ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ባሮኒ አለ። ከዚያ 32ቱ ካውንቲዎች፣ መጨረሻ ላይ አራቱ ክፍለ ሀገሮች። ስለዚህ አንድ ሰው «ቅድመ አያቴ የካውንቲ ሜዮ ሰው ነው» ሲል ገና ከላይ ነው ያለው። ሜዮ ውስጥ ብቻ ከሦስት ሺህ በላይ ታውንላንድ አለ።

ስሞቹ አብዛኞቹ የአየርላንዶቹ ነባር ቋንቋ የሆነው የጌሊክ ናቸው፣ የዛሬው አጻጻፋቸው ግን የእንግሊዝኛ ነው። ከ1824 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ጦር ቀያሾች ደሴቱን በሙሉ ለካርታ ሲለኩ፣ ጆን ኦዶኖቫን የተባለ የጌሊክ ሊቅ አገር ለአገር እየዞረ የቦታ ስም ይሰበስብ ነበር። የተሰበሰበው ስም ለእንግሊዝኛ ጆሮ እንዲመች ተደርጎ ተጻፈ። የመንደር ወይም የሰፈራ ቦታ የሚለው ቃል «ባሊ» ሆነ። ኮረብታው «ኖክ»፣ የኦክ ዛፍ ደኑ «ዴሪ» ሆነ። «ኪል» ግን ጉድ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፣ ሌላው ላይ ጫካ። ኪልሞር የሚባል ቦታ ደግሞ በየካውንቲው ሞልቷል። አንዱ «ትልቁ ቤተ ክርስቲያን»፣ ሌላው «ትልቁ ጫካ» ሊሆን ይችላል። «ኪልሞር ነው የተወለደው» የሚል ወረቀት ያገኘ ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? የአየርላንድ መዝገቦች ብዙዎቹ የተደረደሩት በቦታ ስለሆነ ነው። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል በ1922 በእርስ በርሱ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ደብሊን ከሚገኘው የመዝገብ ቤት ጋር አብሮ ተቃጥሏል። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ መንግሥት ራሱ አጠፋቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ሲባል ተፈጭተዋል። እሳት ያልነካውን ቢሮክራሲ ጨረሰው። በሙሉ የተረፉት የመጀመሪያዎቹ የ1901 እና የ1911 ናቸው። ብዙው ስደተኛ ግን ያኔ ከሄደ ቆይቷል። በ1845 በጀመረው የድንች በሽታና ረሃብ ዘመን ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞቷል፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰዷል።

በጠፋው ቆጠራ ምትክ ሁለት የግብር መዝገቦች ያገለግላሉ። አንደኛው የአሥራት መዝገብ ነው፣ ከ1823 እስከ 1838 ባለው ጊዜ የተሠራ። ካቶሊኩ ገበሬ ለማይሳለመው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አሥራት ይከፍል ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጆቹ ስሙን የሚያገኙት በዚያ በሚጠላው ዕዳ ነው። ሁለተኛው ከ1847 እስከ 1864 የወጣው፣ በሪቻርድ ግሪፊዝ ስም የሚጠራው የመሬት ግምት ነው። በየታውንላንዱ ጭሰኛው ማን እንደሆነ፣ ባለመሬቱ ማን እንደሆነ፣ መሬቱ ስንት ኤከር እንደሆነ ይዘረዝራል። አንድ ሚሊዮን ያህል ስም አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሙን ግሪፊዝ ውስጥ ይፈልጋል፣ ፓትሪክ መርፊ የሚል ያገኛል፣ «አገኘሁት!» ይላል። መርፊ እኮ በአየርላንድ በብዛቱ አንደኛ የሆነ የቤተሰብ ስም ነው። ፓትሪክ ደግሞ ምኑ ይነገራል። ታውንላንዱን ሳያውቁ ፓትሪክ መርፊን መፈለግ መርካቶ መሀል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ባሕሩን ቶሎ መሻገር ነው። የታውንላንዱ ስም የሚገኘው ብዙ ጊዜ አየርላንድ ሳይሆን እዚያው ስደተኛው በሞተበት አገር ነው። የመቃብር ድንጋይ ላይ ሊሆን ይችላል። የካቶሊክ ቁምስና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ፣ የጋብቻ መዝገብ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ቄስ የሙሽሮቹን የትውልድ ቁምስና ይጽፍ ነበር። በቦስተን ይታተም የነበረው «ፓይለት» ጋዜጣ ከ1831 ጀምሮ እስከ 1921 የጠፉ ዘመዶችን የመፈለጊያ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። ወንድም ወንድሙን፣ ሚስት ባሏን ስትፈልግ ካውንቲውን፣ ቁምስናውን፣ አንዳንዴ ታውንላንዱንም ትጠቅሳለች። ኒውዮርክ ውስጥ በ1850 የተከፈተ የስደተኞች ቁጠባ ባንክ ደግሞ ከደንበኛው የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ የመጣበትን መርከብ ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። ገንዘብ ሊያወጣ የመጣው ትክክለኛው ባለቤት መሆኑን ማረጋገጫው ይኸው ነበር። ከ1906 በኋላ ዜግነት የጠየቀ ሰው ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። ቅጹ የትውልድ ቦታን በዝርዝር መጠየቅ የጀመረው ያኔ ነው።

ቅድመ አያትየው ራሱ ምንም ካልተወ ወንድሙን፣ እህቱን፣ ጎረቤቱን፣ የልጁን የክርስትና አባት ተከተሉ። አንዱ ሄዶ ሌላውን ይጠራ ስለነበር የአንድ ታውንላንድ ሰዎች አሜሪካም አንድ ሰፈር የመግባት ልማድ ነበራቸው። እሱ ዝም ያለውን የወንድሙ መቃብር ሊናገር ይችላል።

የቤተሰብ ወሬ ላይ ግን ጥንቃቄ ይበጃል። «እኛ የኮርክ ሰዎች ነን» የሚሉ ብዙ ቤተሰቦች ምናልባት ቅድመ አያታቸው መርከብ የተሳፈረበትን ወደብ ነው ይዘው የቀሩት። ያኔ ኩዊንስታውን፣ ዛሬ ኮቭ የሚባለው የኮርክ ወደብ ከየካውንቲው የመጣውን ሁሉ ጭኗል። ወሬ መንግሥትንም ያሳስታል። ጥር 1 ቀን 1892 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኒውዮርክ ደጃፍ ያለው የስደተኞች መቀበያ ኤሊስ ደሴት በተከፈተ ዕለት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ነበረች። ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ ቴክሳስ ሄዳ የሞተችው አኒ ሙር እሷ ናት ሲባል ቆየ። በ2006 መዝገቡ ሲመረመር የቴክሳሷ አኒ የተወለደችው ኢሊኖይ ሆኖ ተገኘ! እውነተኛዋ ከማንሃተን ሳትርቅ ኖራ በ1924 ሞታለች። መቃብሯ ላይ ስሟ እንኳ አልነበረም።

ሃይማኖቱንም አትርሱ። የባራክ ኦባማ በእናቱ ወገን የቅድመ አያቱ አያት ፋልመዝ ኪርኒ በ1850 ከአየርላንዱ ማኒጎል መንደር ወጥቶ ኦሃዮ የገባ ወጣት ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ማስረጃው የተገኘው በካቶሊኮቹ ዘንድ ሳይሆን በአካባቢው የአንግሊካን (የፕሮቴስታንቱ) ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የካቶሊኮቹ ከሆነ የሚፈለገው፣ እስከ 1880 ገደማ ያለው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። ገጾቹ ግን የተዘረዘሩት በቁምስና ነው። የካቶሊኩ ቁምስና ደግሞ ከሲቪል ፓሪሹ ጋር በድንበርም በስምም ላይገጥም ይችላል። መንግሥት የሁሉንም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው።

ታውንላንዱ ከታወቀ በኋላ እኔ መጀመሪያ የማየው የመሬት ግምቱን ማሻሻያ ደብተሮች ነው። ከግሪፊዝ በኋላ ባለሥልጣናቱ መሬቱ እጅ በለወጠ ቁጥር የድሮውን ስም ይሰርዙና የአዲሱን ከላይ ይጽፉ ነበር። በየዓመቱ ቀለሙ ይለያያል፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ። ጎኑ ላይ ዓመቱ ይቀመጣል። አባትየው ሞቶ ታላቁ ልጅ ሲተካ ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ ተሰርዞ የተተካው የጎረቤቱ ስም ይሆናል፤ ቤቱ የሚጻፍበት ዓምድ ላይ «ፈርሷል» ይላል።