አምፖል ለምን ቶሎ ይቃጠላል? በድሬዳዋ ቤቶች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቶሎ የተቃጠለ አምፖል ሁሉ የማይረባ ዕቃ ነው»

የማይረባ አምፖል በገበያው ሞልቷል። ነገር ግን ከአንድ ካርቶን የወጡ አምፖሎች ሳሎን ዓመት ሲቆዩ ኩሽና ውስጥ በየወሩ የሚቃጠሉ ከሆነ፣ ባለ ሱቁን ከመውቀስ በፊት አምፖሉ የሚገጠምበት ፖርታላምፓ ይታይ። መሃሉ ላይ ያለችው የብረት ምላስ ከተኛች የአምፖሉን ጫፍ በደንብ አትነካም። በክፍተቱ መሃል እሳት ይረጫል፤ እሳቱ ምላሷን ያጠቁራታል፤ የጠቆረ ብረት ደግሞ ኃይል በደንብ ስለማያሳልፍ ይብስ ይግላል። በኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለው ሰርኪዩት እንዲህ የሚቆራረጥ ኃይል አይችልም።

ለመጠገን መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ በስህተት ኒውትራሉ (ኃይሉን የሚመልሰው ሽቦ) ላይ ተገጥሞ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ፖርታላምፓው ውስጥ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) አለ። በቴስተር አረጋግጠው አምፖሉን ያውጡ። ምላሷን በቀጭን ካቻቪቴ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀና ያድርጉ፣ ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፣ ሽቦ የሚይዙትን ብሎኖች ያጥብቁ። ምላሷ ተመልሳ የምትተኛ ወይም ፕላስቲኩ የቀለጠ ከሆነ ግን ጥገና ከንቱ ነው። አዲስ ይግዙ፤ ሙቀት ለሚበዛበት ቦታ የሸክላው ይሻላል። ሲገጥሙም ፌዙ ወደ መሃል ምላስ፣ ኒውትራሉ ወደ ጥርሱ ይሂድ። ይህ የአምፖሉን ዕድሜ ባይጨምርም አምፖል የሚቀይረውን ሰው በኤሌክትሪክ ከመያዝ ያድናል።

«አምፖል በደንብ መጥበቅ አለበት»

ምላሷን የሚያስተኛት ይኸው ነው። ምላሷን ሲነካ ጥቂት ብቻ ጨምረው ያቁሙ።

«ኤልኢዲ አይሞቅም»

የፊቱ ክዳን ብዙም አይሞቅም፤ የሚሞቀው ሰርኪዩቱ ያለበት አንገቱ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሰዓት ብዛት አብዛኛውን ጊዜ በ25 ዲግሪ አካባቢ የተለካ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ በእጅጉ ያልፋል፤ ከፍ ብላ ለተቀመጠችው ሐረር ችግሩ ይቀልላል። በአምፖሉ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ) ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በተዘጋ ፕላፎኔራ (ጣሪያ ላይ በሚገጠም የመብራት ሽፋን) ውስጥ ወደ ታች የተንጠለጠለ አምፖል ከሁሉም ይጎዳል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱ ላይ ይታመቃልና። ክዳኑን ያንሱ ወይም ዋቱን ዝቅ ያድርጉ።

«ምጣድ ሲበራ መብራት መለዋወጡ ያለ ነው»

እንደ አለዋወጡ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ መብራቱ በጥቂቱ ቢፈዝ አያስገርምም። የእርስዎም ሆነ የጎረቤት ምጣድ ሲበራ መብራቱ ከደመቀ ግን በጣም ያስፈራል። ሦስት ፌዝ ባለው መስመር ላይ የጋራው ኒውትራል ላልቷል ማለት ነው፤ አንዱ ፌዝ ጭነት ሲበዛበት የሌላው ቮልቴጅ ከ300 ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ አምፖሉ ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑና ፍሪጁም ይሄዳሉ። ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ለመብራት ኃይል ይደውሉ፤ ቆጣሪውንና የምሰሶውን ሽቦ ራስዎ አይንኩ።

«ትንሽ የቮልቴጅ ጭማሪ ምንም አያመጣም»

ለክር አምፖል 5 በመቶ ጭማሪ ዕድሜውን በግማሽ ገደማ ይቆርጣል። ኤልኢዲ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን የቮልቴጅ ክልል ያንብቡ፤ ከ170 እስከ 265 ተብሎ የተጻፈበት «220» ብቻ ከሚለው ይመረጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማብሪያዎቹን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።